ጣና ላይ በጀልባ ልትጓዙ ነው? ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር ያየሁትን ላጫውታችሁ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ውስጥ ብዙዎቹ ስለ ውኃ ጉዞ ነበሩ። «ዶክተር፣ ቤተሰብ ይዘን ጣና ልንሄድ ነው፤ ጀልባ ላይ ያመኛልና ምን ልውሰድ?» «ልጆቼ ሐይቁ ውስጥ ቢዋኙ ችግር አለው?» «እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ፣ ዋና አልችልም፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?» የመጨረሻዋን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔም የቆቦ ልጅ ነኝ፤ እኔም ዋና ሳልችል ነው ጣናን በጀልባ የተሻገርኩት።

ስለዚህ ዛሬ ምክሩን ብቻ ከምደረድርላችሁ፣ ከአጎቴ ልጅ ጋር ያደረግነውን ጉዞ እያጫወትኳችሁ በየመንገዱ የሚያስፈልጋችሁን ላካፍላችሁ። ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዋናው ጉዳይ ያለው ሐይቁ ላይ ሳይሆን በደጃችን በሚያልፈው ቦይ ውስጥ ነው።

ጉዞው እንዴት ተጀመረ?

ጊዜው 2009 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነበር። እኔ ጎንደር ሕክምና እማራለሁ። የአጎቴ ልጅ፣ የ19 ዓመት ወጣት፣ ለሕክምና ከቆቦ እኔ ዘንድ መጥቶ ሰንብቷል። ሆዱ በግራ በኩል ይከብደዋል፤ ድሮ ከንጋት እስከ ማታ ሲያርስ የሚውል ልጅ ግማሽ ቀን መሥራት አቅቶታል፤ አልፎ አልፎም ሰገራው ላይ ደም ያያል። ሲመረመር ሰገራው ውስጥ የቢልሃርዚያ እንቁላል ተገኘ። ጣፊያውም አብጦ ነበር። መድኃኒቱን ወሰደ፣ ክትትሉን ጨረሰና አገር ቤት ሊመለስ ሆነ። እኔም እረፍት ላይ ስለነበርኩ «አብረን እንሂድ፤ ግን ጣናን ሳላሳይህ አልሸኝህም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና «ውኃ ያሳመመኝን ሰው በውኃ ልትወስደኝ?» አለኝ።

ለቀልድ ያለው ቢሆንም እውነት ነበረው። ራያ ቆላ ያደገ ሰው ውኃን የሚያውቀው በሁለት መልኩ ነው። አንደኛው በክረምት ከምዕራብ ተራሮች ተንደርድሮ የሚመጣው ጎርፍ ነው፤ ጎሊናና ሆርማት ሞልተው ሜዳውን አቋርጠው ወደ አፋር ሲወርዱ ከብትም ሰውም ይፈራቸዋል። ሁለተኛው ማሽላና ጤፍ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጠጣው የቦይ ውኃ ነው። ዳር ማዶው የማይታይ፣ ዝም ብሎ የተኛ ውኃ ግን ለእኛ እንግዳ ነው።

ጎርጎራ፦ የድሮ ወደብ

ከጎንደር ተነሥተን በቆላ ድባና በጩሂት አድርገን ጎርጎራ አደርን። ጎርጎራ ትንሽ ብትሆንም ታሪኳ ትልቅ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፄ ሱስንዮስ መናገሻቸውን በዚሁ አካባቢ አድርገው ነበር፤ በግድግዳ ሥዕሎቿ የታወቀችው ደብረ ሲና ማርያምም እዚያው ናት። ለዘመናት በሐይቁ ላይ የሚመላለሰው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በሞተር ጀልባ ጭነትና ሰው ማመላለስ ጀመረ፤ ጎርጎራና ባሕር ዳርም በወደብነት ተያያዙ። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ጣና የመጣችውን ጣናነሽ ሁለትን በዜና ያያችሁ፣ ያ አሮጌ መስመር አዲስ እንግዳ አገኘ ማለት ነው።

እኛ የተሳፈርንበት ጊዜ ጀልባው በሳምንት አንድ ጊዜ ይመላለስ ነበር። ጉዞው ሁለት ቀን ይፈጃል፦ ከጎርጎራ ተነሥቶ በደልጊና በእሰይ ደብር በኩል ቁንዝላ ያድራል፤ በማግሥቱ ደቅ ደሴትንና ዘጌን ነክቶ ባሕር ዳር ይገባል። ጆንያ እህል፣ ዶሮ፣ የቢራ ሳጥን፣ ነጋዴው፣ ካህኑ፣ ተማሪው ሁሉም በአንድ ላይ ነው።

ጀልባ ላይ ለምን ያመናል?

ከደልጊ በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ረግቶ ይቆይና ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ይበረታል። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እማማ፣ አቅለሸለሾት?» ስላቸው «ተወኝ ልጄ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነው» አሉኝ።

ይህ የጉዞ ሕመም ነው። በውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ የሰውነታችንን ሚዛን የሚቆጣጠር ክፍል አለ። ጀልባው ሲወዛወዝ ያ ክፍል ለአንጎላችን «እየተንቀሳቀስን ነው» ይለዋል። ዓይናችን ግን አጠገቡ ያለውን ጆንያ እያየ «ኧረ አልተንቀሳቀስንም» ይላል። አንጎል ሁለት የተለያየ ወሬ ሲደርሰው ይደናገራል፤ ማቅለሽለሽ፣ ላብ፣ ራስ ማዞርና ማስመለስ ይከተላል። በሕፃንነት፣ በእርግዝና ጊዜና ማይግሬን ባለባቸው ሰዎች ላይ ይብሳል።

እማማን ደግፈን ከጀልባው መካከል አስቀመጥናቸው፤ ውዝዋዜው እዚያ ይቀንሳል። ፊታቸውን ወደ ጉዞው አቅጣጫ አዙረን «እዚያ ማዶ ያለውን ተራራ ብቻ ይመልከቱ» አልናቸው። ጥቂት ቆይተው ቀለል አላቸውና የቋጠሩትን ዳቦ ይቆርሱልን ጀመር።

እናንተም እንዲህ አድርጉ፦
• ከጉዞ በፊት ቀለል ያለ ምግብ ብሉ። ቅባት የበዛበት ምግብም፣ ፍጹም ባዶ ሆድም፣ አልኮልም አይሆንም።
• ስልክ አትመልከቱ፣ መጽሐፍ አታንብቡ። የማይንቀሳቀስ ሩቅ ነገር ላይ ዓይናችሁን ጣሉ።
• ዝንጅብል አንዳንድ ሰው ላይ ይረዳል።
• ሁልጊዜ የሚያማችሁ ከሆነ እንደ ዳይመንሃይድሪኔት ወይም ሜክሊዚን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። ከመነሣታችሁ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳሉ። ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ብትውጡት ብዙም አይጠቅምም። እንቅልፍ ስለሚያመጡ ከወሰዳችሁ በኋላ መኪና አትንዱ። ለነፍሰ ጡርና ለልጅ፣ ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ላለበት ሰው ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳያማክሩ አይሰጥም።

ዋና የማይችል ሰው ይጓዝ?

ይጓዝ! ግን ላይፍ ጃኬቱን ይልበስ። መቀመጫ ሥር መኖሩ ብቻ አያድንም። ጀልባ ከመገልበጡ በፊት ማስታወቂያ አይለጥፍም፤ ያኔ ጃኬት ፍለጋ መሄድ አይቻልም። የአጎቴ ልጅ ብርቱካናማውን ጃኬት አጥብቆ አስሮ ሲቀመጥ አንዳንዶቹ ሳቁበት። እሱ ግን «የራያ ሰው በጎርፍ እንጂ በሐይቅ መሞት አያምርበትም» ብሎ አሳቃቸው። ጃኬቱን ግን አልፈታም። እኔም አልፈታሁም።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል። ከአራቱ አንዱ ገደማ ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ነው። አብዛኛው ሞት የሚደርሰውም መርከብ ላይ አይደለም፤ በኩሬ፣ በጉድጓድ፣ በወንዝ ዳር ነው። ይህን የምለው ለቆቦ፣ ለሮቢት፣ ለጎብየና ለዋጃ ወገኖቼም ጭምር ነው። ለመስኖ ብለን የምንቆፍረው፣ በፕላስቲክ ሸራ የተለበጠ የውኃ ማቆሪያ ለሕፃን ወጥመድ ነው፤ ሸራው ስለሚያንሸራትት ትልቅ ሰው እንኳ ከገባ ለመውጣት ይቸገራል። ዙሪያውን በእሾህ ወይም በሽቦ እጠሩት። የተቋጠረ ወፍራም ገመድም ዳር ካለ እንጨት ላይ አስራችሁ ወደ ውስጥ ልቀቁት።

ሰው ሲሰጥም ብታዩ፦
1. ዋና የማትችሉ ከሆነ ተከትላችሁ አትግቡ። ገመድ፣ ረጅም እንጨት፣ ነጠላ ወይም ባዶ ጀሪካን ወርውሩለት፤ ሌላ ሰውም ጥሩ።
2. ካወጣችሁት በኋላ በእግሩ አትዘቅዝቁት፤ ውኃ ላስወጣ ብላችሁም ሆዱን አትጫኑ። ጊዜ ይበላል፤ ትውከቱም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።
3. የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኙት፣ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። ከዚያ ደረቱ መሐል 30 ጊዜ እየተጫናችሁ 2 ጊዜ ትንፋሽ እየሰጣችሁ ቀጥሉ። የሰጠመ ሰው ያጣው አየር ነውና ትንፋሹ ይቅደም።
4. ነቅቶ ቢነጋገር እንኳ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የሳንባ ችግር ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ቁንዝላ ላይ ያመሸንበት ጨዋታ

ቁንዝላ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሐይቁ ዳር ልጆች እየተረጫጩ ይዋኛሉ፤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ደንገሉ መሐል ከብት ውኃ ይጠጣል። ደስ ይላል። የአጎቴ ልጅ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለና ድንገት ተወው። «ይሄም አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ።

አለበት። በጣና ዙሪያ፣ ጎርጎራና ዘጌን ጨምሮ፣ ቢልሃርዚያ በጥናት የታወቀ ችግር ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እንዴት እንደሚተላለፍ አስረዳሁት፤ ለእናንተም እንደዚያው ልንገራችሁ።

በሽታው ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ወይም ውኃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሰገራው ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና ውኃ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ለሳምንታት ተባዝቶ በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ወደ ውኃው ይለቀቃል። ውኃው ውስጥ የቆመ ሰው ሲያገኝ ባልቆሰለ ቆዳ እንኳ ሰርስሮ ይገባል። ለመያዝ ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግርን መንከር ይበቃል። እጩ በብዛት የሚለቀቀው ደግሞ ፀሐይ በበረታችበት፣ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ልጆቻችን ለመዋኘት የሚመርጡት ሰዓት!

ከገባ በኋላስ? መጀመሪያ ቆዳ ሊያሳክክ ይችላል። ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ ትኩሳት፣ ሳል፣ የሆድ ሕመምና ድካም ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው ግን ምንም አይሰማውም። ትሎቹ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ፤ ሴቷ በቀን በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ የተወሰነው በሰገራ ይወጣል፤ የቀረው በደም ተወስዶ ጉበት ላይ ይቀራል። ጉበት ይጠባሰሳል፤ ደም ማለፊያ ሲጠበው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውኃ ይይዛል፤ የጉሮሮ ቧንቧ ደም ሥሮችም ይወጠራሉ። አንድ ቀን እነዚያ ደም ሥሮች ይፈነዳሉ።

እዚህ ላይ የአጎቴ ልጅ ዝም አለ። ቆይቶ «ያ ጎረቤታችን እንደዚያ ነው የሞተው?» አለኝ። ማንን እንደሚል አውቄያለሁ። ከሰፈራችን አንድ ጎልማሳ፣ ሆዱ ለዓመታት ተነፍቶ የኖረ ሰው፣ አንድ ሌሊት ደም አስመልሶ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አርፏል። ሰዉ «ተመትቶ ነው»፣ «ዓይን ነው» ሲል ነበር። ሳይመረመር ስለሞተ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ግን ምልክቱ ይኸው ነበር አልኩት።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ። «እኔስ ታከምኩ። ታናናሾቼስ? ሦስቱም እኔ በዋኘሁበት ቦይ ነው የሚዋኙት።»

ያን ምሽት ቁንዝላ ላይ ጣና ተረሳ። ጨዋታችን ሁሉ ቆቦ ሆነ።

ባሕር ዳር ስንገባ

በማግሥቱ ደቅ ደሴትንና ዳጋ እስጢፋኖስን በሩቁ አልፈን ዘጌ ደረስን። ዘጌ በቡና ጫካዋ የታወቀች ናት፤ ጫነን፣ አራገፍን፣ ቀጠልን። ከተማው መጀመሪያ የታየን እንደ አረንጓዴ መስመር ነበር፤ ቀጥሎ ዘንባባው፣ ቀጥሎ ቤቶቹ። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው እንደ ቅጠል ተንሳፎ በአጠገባችን አለፈ። ሞተሩ ዝግ ብሎ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ ካለው አሮጌ ወደብ ተጠጋን። በመኪና ከተማ ስትገቡ ከተማው ድንገት ይውጣችኋል፤ በውኃ ስትገቡ ግን ቀስ ብሎ እየቀረበ ይቀበላችኋል። የአጎቴ ልጅ ጃኬቱን ፈትቶ ለረዳቱ እየመለሰ «ይህን ያህል ውኃ አልፈን አንድ ጠብታ አልነካንም» አለ። እውነቱን ነው። በጀልባ መሄድ ብቻውን ቢልሃርዚያ አያስይዝም፤ የሚያስይዘው ውኃው ቆዳን መንካቱ ነው።

ከዚያ በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በጋሸና፣ በወልድያ አድርገን ቆቦ ገባን። ቤት በደረስን በማግሥቱ ሦስቱን ወንድሞቹን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሁለቱ ተገኘባቸው። ትንሹ 9 ዓመቱ ነበር፤ ሲሮጥ ሲጫወት የሚውል፣ «ምንም አላመመኝም» የሚል ልጅ።

የራያ ቆላ ወገኖቼ፣ ይህን አንብቡልኝ

ዋጃን ጨምሮ በራያ ቆላ የተደረጉ ጥናቶች የአንጀት ቢልሃርዚያ በአካባቢያችን ሥር የሰደደ መሆኑን አሳይተዋል። መስኖ በረከት ነው፤ ማንም ተዉት አይልም። ግን ቀንድ አውጣው የሚወደው ቀስ ብሎ የሚፈስ፣ ሣር የበቀለበት፣ ሞቅ ያለ ውኃ ነው። የእኛ ቦይ ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

• ምርመራና መድኃኒት፦ የሰገራ ምርመራ በአብዛኛው ጤና ጣቢያ አለ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ በሰውነት ክብደት ተለክቶ (በኪሎ 40 ሚሊ ግራም) ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። ምግብ በልታችሁ ውሰዱት፤ ማቅለሽለሽና ሆድ ቁርጠት ሊኖር ይችላል፣ ያልፋል። መድኃኒቱ ገና ያላደጉትን ትሎች ስለማይገድል፣ በቅርቡ ውኃ የነካችሁ ከሆነ ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ መደገም አለበት።
• ትምህርት ቤት ሲሰጥ ልጆቻችሁን አታስቀሩ፦ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ለተማሪዎች የትል መድኃኒት በዘመቻ ይሰጣል። «መሃን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ውሸት ነው።
• ሽንት ቤት፦ መድኃኒት ብንውጥም ሰገራችን ቦይ ከገባ ተመልሰን እንያዛለን። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነው።
• ቦዩን ማጽዳት፦ ሣሩን ንቀሉ፤ ቦዩን በየተራ አድርቁት። ውኃ ስታዞሩ ቦት ጫማ አድርጉ።
• የመታጠቢያ ውኃ፦ ከቦይ የተቀዳ ውኃ ተከድኖ ሁለት ቀን ከቆየ እጩ ይሞታል። ወይም አፍሉት። ለመጠጥ ግን ሁልጊዜ ይፍላ።

እንዶድን ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ቅር ይለኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላዩ ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። ለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እናቶቻችን የሚያውቁት ተክል የዓለም ሳይንስ ሆነ ማለት ነው። ግን በራሳችሁ ተነሥታችሁ ወንዝ ውስጥ አትጨምሩ፤ ዓሣም ይገድላልና በባለሙያ ልክ የሚሠራ ነው።

ከጉዞ ስትመለሱ

ከጣና ወይም ከማንኛውም ቆላ ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የወባ ምርመራ አድርጉ፣ ለሐኪሙም የት እንደነበራችሁ ንገሩ። እምቦጭ የወረረው ዳርቻ ለትንኝም ለቀንድ አውጣም መደበቂያ ነው። ማታ አጎበር አይለያችሁ፤ ነፍሰ ጡር እናት ደግሞ በተለይ ትጠንቀቅ።

እነዚህ ምልክቶች ካሉ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ፦ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ድንገት የሆድ መነፋት፣ ከትኩሳት ጋር ራስን መሳት ወይም መቀባዠር።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የአጎቴ ልጅ ዛሬ ደህና ነው፤ አርሶ ያድራል፣ የልጆች አባት ሆኗል። ትንሹ ወንድሙም አድጓል። በዚያ ቦይ ውስጥ የሚዋኙ ሌሎች ልጆች ግን ዛሬም አሉ። አንዳቸው የእናንተ ልጅ፣ የእህታችሁ ልጅ ወይም የጎረቤታችሁ ልጅ ሊሆን ይችላል። ጣናን ሄዳችሁ እዩ፤ ያምራል፤ ጃኬቱን ልበሱ። ከዚያ በፊት ግን በዚህ ሳምንት አንድ ልጅ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩልኝ።

ለምታውቁት የራያ፣ የወሎና የጣና ዳር ሰው ሁሉ አካፍሉ። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።